የሰንበሌጥ ጣቢያ ታሪክ የታሸገበት ሰኔ

በሰንበሌጥ ሰፈር የሚኖር አባወራም ሆነ እማወራ በስምንት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄዶ ለጆሮው ታሪክ ይናገራል። ተራው የሚያዘው በዕድሩ መዝገብ ነው። የቀረ ሰው ሁለት ሳምንት መሳፈሪያውን ይጠርጋል፤ ደጋግሞ የቀረ ደግሞ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን አይተከልለትም። ሰፈሩ ይህን ማድረግ ከጀመረ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ላይ የሳቁ ነበሩ፤ ዛሬ ውሃ እንደ መቅዳት ነው፣ የሚስቅበት የለም።

ጆሮው ከመሳፈሪያው ጣሪያ ሥር የቆመ፣ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ ግራጫ ምሰሶ ነው። መንግሥት ያወጣለት ስም ረጅም ስለሆነ የሚያስታውሰው የለም። በየጣቢያው፣ በየገበያው፣ በየጤና ጣቢያው ደጃፍ አንዳንድ ቆሟል። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ የሰማውን ይመዝናል፣ ከመዘነው የቦታውን ታሪክ ይጽፋል። ታሪኩ የሚነገርለት ጣቢያ ላይ ባቡር ይቆማል፤ ዝም ያለ ጣቢያ ላይ አይቆምም። ጎረቤታቸው የቀጨሞ ጣቢያ ሰዎች በአንድ የፋሲካ ሰሞን ተዘናግተው ሦስት ቅዳሜ ዘለሉ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ ቀጨሞን ሲያልፍ ፍጥነቱን እንኳ አይቀንስም። የቀጨሞ ሰዎች ለመሳፈር ሰባት ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ሰንበሌጥ ይመጣሉ፤ ሲመጡም አንገታቸውን ደፍተው ነው።

ሰኔ 4 ቀን 2098 ዓ.ም. ተረኛዋ ሲፈን ነበረች። ሲፈን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከጣቢያው ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። ከምሰሶው ፊት ቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ጀመረች።

ጣቢያው የተሠራው በ2031 መሆኑን ነገረችው። ቦታው ሰንበሌጥ ብቻ የሚበቅልበት ረግረግ ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ቁልፍ ተቀብለው፣ ዕቃቸውን ጭነው ከገቡ በኋላ ነው ወደ ከተማ የሚመለሱበት መንገድ እንደሌለ ያወቁት፤ ባቡሩም የመጣው ለእነሱ ነው። የመጀመሪያው ባቡር አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ስለደረሰ ሊቀበለው የወጣው የሙዚቃ ባንድ ግማሹ ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። በ2037 ነፋስ ጣሪያውን ገንጥሎ አንድ ሰው ጓሮ ጣለው፤ ሰውየውም «ከሰማይ የወረደ አይመለስም» ብሎ በረት ሠራበት።

ከዚያ ወደ 2048 ደረሰች። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምጿ ያንሳል።

«ነሐሴ 12 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጎርፍ የድልድዩን እግር ወሰደው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቀዩ ምልክት አልበራም። የጣቢያው ተረኛ ሠራተኛ አቶ ናሆም በዝናቡ ውስጥ ሮጠው ሦስት መቶ አርባ ሰው የጫነ ባቡር አቆሙ። በዚያው ቀን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በጎርፍ ተወሰደች።»

ይቺ «አንዲት የጽዳት ሠራተኛ» ማራማዊት ገረመው ትባላለች። የሲፈን እናት ናት። ባቡሩን ያቆመችውም እሷ ናት።

ሲፈን ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ተዘግቷል፤ ከእናቷ ጋር ጣቢያው ትውላለች። እናቷ ወለል የምታጥብበትን ቀይ ባልዲ ይዛ፣ ባዶ እግሯን፣ በሀዲዱ መሐል ስትሮጥ በዓይኗ አይታለች። ባልዲውን ከራሷ በላይ አንስታ ስታወዛውዝ አይታለች። ባቡሩ እየጮኸ ቆመ። እናቷ ዞራ ወደ ጣቢያው መራመድ ስትጀምር የቆመችበት አፈር ከሥሯ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ከታችኛው ግድብ አወጧት።

ታዲያ ባቡሩን ያቆመው እንዴት ናሆም ሆነ ያለ እንደሆነ፣ መልሱ ይሉኝታ ነው። በሦስተኛው ቀን የባቡር ኃላፊዎች ልቅሶ ሊደርሱ መጡ። ከድንኳኑ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አንደኛው «ለመሆኑ ባቡሩን ያቆመው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። የዕድሩ ዳኛ በዕድሜም በማዕረግም ከሁሉ የሚበልጡ ሰው ነበሩ። «ማን ይሆናል፣ ተረኛው ነዋ!» አሉ። አላዩም፤ ገምተው ነው። ናሆም ከጥግ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። በእንግዳ ፊት፣ ያውም በልቅሶ ቤት፣ የዕድር ዳኛን «ተሳስተዋል» የሚል ከየት ይምጣ? ከጎናቸው የነበረው «አዎ፣ እሱ ነው» አለ። ቀጣዩ «ሲሮጥ አይቼዋለሁ» አለ። ሲመሽ አርባ አንድ ሰው አይቶ ነበር። ልጅቷ «እማዬ ናት እኮ» ስትል አንዷ ዘመድ ዳቦ ቆርሳ አጎረሰቻት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሰንበሌጡ እውነት ሃምሳ ዓመት አድሮም አልጠራም።

ናሆም በልቡ ክፉ ሰው አልነበረም። አግብቶ አያውቅም። ሲፈንን ያስተማራት እሱ ነው፤ ስትዳር በአባት ቦታ የተቀመጠው፣ ባሏ ሲሞት አርባውን ሁሉ ከደጇ ያልጠፋው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላት ጠርቶ አስቀመጣትና «ልጄ፣ ያን ቀን ተኝቼ ነበር። ያቆመችው እናትሽ ናት» አላት። ሲፈን ሌሊቱን አለቀሰች፤ ሲነጋ ይቅር አለችው። እንቅልፍ የማይጥለው ሰው የለም ብላ ነው። ከዚያ በኋላ «ጋሼ» ስትለው «አባዬ» ማለቷ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ንግግሯን ጨርሳ ዞር ስትል ከትኬት መቁረጫው በላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አየች። የባቡር ጣቢያዎች ሁሉ ታሪክ ሐሙስ ሰኔ 30 ቀን ልክ በስድስት ሰዓት ይታሸጋል ይላል። ከታሸገ በኋላ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። እናቷ ለዘላለም «አንዲት የጽዳት ሠራተኛ» ሆና ልትቀር ሃያ ስድስት ቀን ቀርቷታል ማለት ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። የስድስት ወር ልጅ አቅፋ ወደ ሐኪም የምትሄድ የቀጨሞ ሴት «ውሃ ላምጣልሽ?» አለቻት።

ሰኞ ሰኔ 13 ወደ ከተማ ወርዳ ጆሮዎቹን ከሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት መስኮት ቆመች። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ብሌን የምትባል ሴት ናት፤ አርባዎቹ መጨረሻ ላይ የምትሆን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች። ሲፈን የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ብሌን እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት፤ ለመስሪያ ቤት ሰው ይህ ብዙ ነው።

«እትዬ፣» አለች በመጨረሻ፣ «አርባ አንድ ሰው መስክሯል። እርስዎ ራስዎ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ዘጠና አንድ ጊዜ ‹ናሆም ነው› ብለዋል። ይኸው።»

«ተራዬ ሆኖ ነዋ! ዕድሩ የሰጠንን ነው የምንለው።»

«አውቃለሁ። እኔም ሰፈሬ ተረኛ ነኝ።»

«ራሳቸው ክደዋል እኮ! ጋሽ ናሆም ራሳቸው ጆሮው ፊት ቆመው ‹እኔ አይደለሁም› ብለዋል። አንዴም አይደል።»

«ስድስት ጊዜ ብለዋል፣ ተመዝግቧል።» ብሌን መነጽሯን አወረደች። «ግን ‹ትሕትና› በሚል ነው የተያዘው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ትልቅ ሰው ሲመሰገን ‹ኧረ እኔ ምን አደረግሁ› ይል የለ? ጆሮው ከእኛው ነው የተማረው። የተመሰገነ ሰው ሲክድ ምስጋናው ይጠነክራል። ስድስት ጊዜ በመካዳቸው ጭራሽ አጸኑት።»

ሲፈን ልትስቅ ዳዳት፣ አልሆነላትም። «እኔስ አሁን የነገርኩሽ?»

«‹የልጅ ሐዘን› ይለዋል። ከምንም ይሻላል፤ ግን አርባ አንድ ሰው አያነሳም።»

«ታዲያ ይሄ ነገር ምን ሲባል ነው የሚያምነው?»

ብሌን ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። ሌሎቹ ባልደረቦቿ ምሳ ወጥተዋል። ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «እኔ አልነገርኩዎትም። ጠብ ያምናል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አዳምጦን የደረሰበት ነገር ይሄ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሲዋደዱ ይሸፋፈናሉ፣ እውነቱን የሚያወጡት ሲጣሉ ነው ብሎ ነው የደመደመው። በአደባባይ፣ በሰው ፊት፣ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ያወጡት አንድ ቃል የመቶ ሰው ምስክርነት ይጥላል።»

«ጠብ!» አለች ሲፈን።

«ግን ደግሞ ዕርቅ አለ። ታርቀው ይቅር ከተባባሉ በጠቡ ጊዜ የተባለው እንዳልተባለ ይሰረዛል። ሽማግሌ የሚባሉ ሰዎች ስልካቸው ዕርቅ ሲሰማ ራሱ ለጆሮው ያስተላልፋል፤ ቤት ውስጥ ቢሆንም። ስለዚህ የሚጣላ ሰው እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ተጣልቶ መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ ቢሳሳም የሚሰርዘው የለም።» ብሌን መነጽሯን መልሳ ሰቀለች። «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች፤ ከሲፈን በስተኋላ ግን ማንም አልነበረም።

ናሆም የሚኖረው ከጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልቡ ደክሟል፣ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ሁለት ቦታ ያርፋል። ሲፈን የሰማችውን ስትነግረው ዓይኑ በራ።

«በቃ ስደቢኛ!»

«ጋሼ ይተዉ እንጂ።»

«ምን እተዋለሁ? ውሸታም ሆኜ ልቀበር ነው እንዴ? ስድስት ጊዜ እኔ አይደለሁም ብዬ ስድስት ጊዜ አጨበጨቡልኝ። ነይ፣ ተቀመጪ። እስቲ አሁን ስደቢኝ፣ ልስማሽ።»

ሲፈን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አሰበች። «እርስዎ… ሰነፍ ነዎት» አለች።

ናሆም እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «በ‹እርስዎ› የሚሳደብ ዛሬ አየሁ! አንተ በይኝ።»

«አይወጣኝም።»

«ይወጣሻል። አስመሳይ በይኝ። የሰው ክብር የለበሰ በይኝ። እናቴ ስትሮጥ አንተ ታንኮራፋ ነበር በይኝ። እኔ ደግሞ ተናድጄ ‹አዎ፣ ተኝቼ ነበር፣ ምን ይጠበስ!› እላለሁ። አለቀ።»

ሰኔ 25 ቅዳሜ እንዲሆን ተስማሙ፤ ብዙ ሰው ወደ ገበያ የሚሳፈርበት ቀን ነው። ከዚያ እስከ ሐሙስ አምስት ቀን ነው። «አምስት ቀን ሳላይሽ እቆያለሁ፣ ምን አለበት» አለ ናሆም። «ሐሙስ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነይና ይቅር በይኝ።» ሲፈን እስከዚያ ቀን ዚፕ እየቀየረች በልቧ «አንተ» ማለት ተለማመደች። ወንድ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እንዳታመልጣት ትፈራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተረኛዋ ወይዘሮ ኤፍራታ ነበረች፤ የዕድሩ ጸሐፊ ናት፣ ድምፀ መልካም ናት፣ ታሪኩን ስትናገር የሰርግ ንግግር ታስመስለዋለች። መሳፈሪያው በሰው ተሞልቷል። ናሆም በከዘራ ተደግፎ ከምሰሶው አጠገብ ቆሟል። ኤፍራታ «የጣቢያው ተረኛ ሠራተኛ አቶ ናሆም በዝናቡ ውስጥ ሮጠው…» ስትል ሲፈን ከደረጃው ሥር ወጣች።

«ውሸት ነው!»

ሰዉ ዞረ። ኤፍራታ ንግግሯን አቋረጠች።

«አልሮጠም! አንተ! አንተን ነው የምለው! መቼ ሮጥክ አንተ?»

«አንተ» የሚለው ቃል ሲወጣ መሳፈሪያው ላይ አንድ ነገር የተሰበረ ይመስል ሁሉም ምሰሶውን አየ። ሲፈን የተለማመደችውን አንድ በአንድ አወጣችው፤ አስመሳይ አለችው፣ የሙት ክብር የለበስክ አለችው። ናሆምም ድርሻውን ይዞ ጮኸ፤ «ያሳደግኩሽ እባብ!» አላት። ይህን አልተስማሙበትም ነበር፤ ነገር ግን ለጠቡ ጥሩ መሰላት።

እዚህ አገር ደግሞ ጠብ ያለ ገላጋይ አይቆምም። ሁለት ሰዎች እሷን፣ ሦስት ሰዎች እሱን ያዙ። «ኧረ በሕግ!» «በእናንተ ዕድሜ!» «ኧረ ለጆሮው ተጠንቀቁ!» የሚል በዛ። ኤፍራታ «ሲፈን፣ አበድሽ እንዴ? አባትሽ እኮ ናቸው!» እያለች ክንዷን ትጎትታለች።

ሲፈን ይህን ስትሰማ ያልተለማመደችው መጣባት። «አባት? እናቴ ባልዲ ይዛ ሞት ስትጋፈጥ አልጋው ላይ ያንኮራፋ ነበር! ስሟን እንኳ አንድ ቀን ጮክ ብሎ አልጠራም! ሃምሳ ዓመት በእሷ ነፍስ ሲመረቅ ኖረ! እያንኮራፋሁ ነበር በላቸው! ንገራቸው!»

ናሆም «አዎ፣ ተኝቼ ነበር» ማለት ነበረበት።

«አላንኮራፋሁም!» አለ።

«ተኝተህ ነበር!»

«አልተኛሁም!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም። የያዙት ሰዎች እጃቸው ላላ። «አልተኛሁም። ቢሮው ውስጥ ነቅቼ ተቀምጬ ነበር። መጥታ በሩን አንኳኳች። ሦስት ጊዜ። ‹ናሆም፣ ናሆም› ብላ ጠራችኝ። ሰማኋት። ደግሞ ጣሪያው አፈሰሰ ልትለኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝናቡ… ዝናቡ ኃይለኛ ነበር።» ከዘራውን አየ። «ጫማዬ አዲስ ነበር። በዚያ ጠዋት ነው የገዛሁት። ይበላሽብኛል ብዬ ነው።»

ሲፈን ለአንድ አፍታ ለጆሮው ብሎ የጨመረው ነው ብላ ተስፋ አደረገች። ጠቡ እንዲጠነክር፣ እሷን ለመርዳት። ከዚያ ፊቱን አየችው። ሊያያት አልቻለም። እውነት ነበር።

እንቅልፉን ይቅር ካለች ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ለጫማው የሚሆን ይቅርታ ግን አላዘጋጀችም ነበር። እናቷ ሦስት ጊዜ አንኳኩታ፣ ሰው እያለ ሰው አጥታ፣ ባልዲዋን ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። ሲፈን አላለቀሰችም። እዚያው በቁሟ ጎንበስ አለች፤ የያዟት ሰዎች የምትወድቅ መስሏቸው ደገፏት።

ጆሮው አይዘገይም። ሰዉ ገና ሳይበተን ከትኬት መቁረጫው በላይ ያለው ሰሌዳ ላይ የ2048 መስመር ተለወጠ። «የጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ ማራማዊት ገረመው ቀይ ባልዲ በማወዛወዝ ሦስት መቶ አርባ ሰው የጫነ ባቡር አቆመች፤ በዚያው ሕይወቷ አለፈ። ተረኛው ናሆም ስትጠራው ሰምቶ በሩን አልከፈተም። ጫማው አዲስ ነበር።» የሦስት ሰዓቱ ባቡር መጣ፣ ሰዎች ተሳፈሩ። ኤፍራታ ምሰሶው ፊት ተመልሳ ከ2049 ጀምሮ ያለውን ጨረሰች፤ ተራዋ ነውና።

ሰፈሩ ያን ሳምንት ሲፈንን ዘጋት። እሱን ያላወቀ ቢረግመው፣ የሚያውቀው ሁሉ እሷን ነው ያማት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ማንም ዚፕ ይዞ አልመጣም። እሷም ሱቋን ከፍታ፣ መኪናዋ ላይ ክንዷን አስደግፋ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን የእናቷን ስም ስታነብ ትውል ነበር። ደስ ይላታል። ደስ ካላት በኋላ ዓይኗ ሳትፈልግ ወደ ታች፣ ወደ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ይወርዳል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ቤቷ መጡ። ሁለት አዛውንቶችና ኤፍራታ ናቸው፤ ሦስቱም ስልካቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ጋሽ ናሆም ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሱም» አለች ኤፍራታ። «ሐኪሙ ልባቸው ነው ይላል። ሊያልፉ ነው፣ ሲፈን። አንድ ቃል በያቸው።»

«ከነገ ስድስት ሰዓት በኋላ።»

«ሞት በቀጠሮ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉ አንደኛው አዛውንት። «በእግዜር ስም ለምነንሻል። ድንጋይ እንሸከም?»

«አትሸከሙ። ከነገ ስድስት ሰዓት በኋላ ብያለሁ።»

ምክንያቱን ልትነግራቸው አትችልም፤ ስልኮቹ አሉ። ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አራግፈው ወጡ። በሰንበሌጥ ሽማግሌ መልሶ የሰደደ ሰው ከዚያ በፊት አልታየም።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ሲፈን የአጃ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ናሆም ቤት ሄደች። ሽማግሌዎቹ እዚያው ነበሩ፤ ስልኮቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ሲፈን ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች፣ ሾርባውን ቀዳች፣ ትራሱን ከፍ አደረገችለትና በማንኪያ አፉ አጠገብ ያዘችለት። ናሆም እሷንም ስልኮቹንም አየ፤ ገባው።  አፉን ከፈተ። አምስት ቀን ያልበላ ሰው ከእጇ በላ።

«ጎሽ! ይኸዋ!» አለች ኤፍራታ። «በይ እንግዲህ ‹ይቅር› በያቸው። አንቺም ልጅ ነሽ፣ እሳቸውም አባት ናቸው።»

ሲፈን ማንኪያውን ሞልታ ያዘች።

«በእናትሽ አጥንት!»

ሲፈን ጉንጩ ላይ የፈሰሰውን በመሀረብ ጠረገችለት። ኤፍራታ እጇን አጨበጨበች፤ «እግዜር ያሳይሽ! ለምግብ የዘረጋሽው እጅ ለአንድ ቃል አፍ የለውም?» ብላ አለቀሰች። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አዛውንቶቹ ተስፋ ቆረጡ። ስልኮቻቸውን ሰብስበው፣ ኤፍራታንም ይዘው፣ የታሪኩን መታሸግ ለማየት ወደ ጣቢያው ሄዱ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ናሆም በአፍንጫው በጭንቅ ይተነፍሳል። የጣቢያው ጡሩንባ ሲነፋ ቤቱ ድረስ ተሰማ፤ ረጅም ነበር፣ ከዚያ ቆመ።

«ታሸገ?» አለ ናሆም።

«ታሸገ።»

«ስሟ አለ?»

«አለ። ከነአባቷ።»

ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጆሮ ግንዱ በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። «ተመስገን» አለ። እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋ፣ መዳፉ ወደ ላይ ነበር። «እንግዲህ አሁን የሚሰማን የለም። በይኝ ልጄ።»

ሲፈን እጁን ያዘችው። ቀዝቅዟል። ይቅር ማለት ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች፤ ይህ ሰው ያሳደጋት አባቷ ነው፣ ነገም ላያድር ይችላል። ቃሉን በአፏ ውስጥ ፈለገችው። አምስት ቀን ሙሉ አፏን የያዛት ጆሮው መስሏት ነበር። አሁን ጆሮው የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ የሚሰረዝ ነገር የለም። ቃሉም የለም።

ናሆም ዓይኑን ገልጦ ጠበቀ።

«ሾርባው ቀዝቅዟል፣» አለች ሲፈን፣ «ላሙቅልዎት» ብላ ሳህኑን ይዛ ተነሳች።